አጭር ልቦለድ ለውድድር ስንልክ፦ በመድበል ስለሚታተሙ ውድድሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንድ ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ጥቂት ጸሐፊዎች አለን። የጻፍነውን ይዘን እንመጣለን፣ እርስ በርስ እንነባበባለን። ሁልጊዜ አዲስ ፊት አይጠፋም። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ውድድር ይጠይቃል። እኔም ባለፉት ዓመታት ለብዙ ውድድሮች ልኬአለሁ። አብዛኛውን ተሸንፌአለሁ፣ ጥቂቱ በመድበል ታትሞልኛል። እየደጋገምኩ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ።

መድበል የሚያሳትም ውድድር ከሌላው በምን ይለያል?

አንዳንድ ውድድር ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ገንዘብ ሰጥቶ ያበቃል። መድበል የሚያሳትመው ግን መጨረሻው ዙር የደረሱትን ታሪኮች ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ ያወጣል። አንደኛ ባትወጡም ታሪካችሁ ይታተማል።

የምሬን ነው የምላችሁ፣ ለእኔ ከገንዘቡ መድበሉ ይበልጣል። ገንዘቡ የቤት ኪራይ ይከፍልና ያልቃል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። የማያውቃችሁ ሰው አንስቶ ያነባችኋል። አንድ ቀን የራሳችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ አሳታሚ ጋ ስትሄዱም የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ውድድር ስትመርጡ «ሽልማቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «መጽሐፉን ማን ያሳትመዋል? የት ይሸጣል? ያለፈውን ዓመት መድበል ማየት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያለፈው መድበል ከተገኘ ግዙት ወይም ተዋሱት። አርትዖቱ የተዝረከረከ፣ የፊደል ስሕተት የሞላበት ከሆነ የእናንተም ታሪክ እዚያው ውስጥ እንደሚገባ አስቡ።

ገና ጀማሪ ነኝ። ብልክ ያሾፉብኛል?

አያሾፉም። አብዛኞቹ ውድድሮች ጽሑፉን ለዳኞች የሚሰጡት ያለ ስም ነው። ዳኛው እናንተን አያውቅም፣ ታሪኩን ብቻ ነው የሚያየው።

አዲስ አበባ ሆኜ የትኞቹ የውጭ ውድድሮች ላይ መሳተፍ እችላለሁ?

መጀመሪያ ዜግነትን የሚመለከተውን መስመር አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኮመንዌልዝ (የብሪታንያና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ የሆኑ አገሮች ማኅበር) የአጭር ልቦለድ ሽልማት ነው። ኬንያዊና ናይጄሪያዊ ጓደኞቹ ሲወዳደሩ አይቶ እሱም ለመላክ ይዘጋጃል። ያ ሽልማት ግን ለኮመንዌልዝ አባል አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። ሁለት ወር ሙሉ ለዚህ ውድድር ታሪክ ሲያዘጋጅ የከረመ ልጅ አውቃለሁ። ልፋቱ በጣም አሳዝኖኛል።

የኬን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለእኛም ክፍት ሆኖ የቆየ ነው። የተጀመረው በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ለመጨረሻው ዙር የሚበቁት ታሪኮች በመድበል ሲወጡ ኖረዋል። በ2021 ሽልማቱን የወሰደችው አዲስ አበባ የተወለደችው መሮን ሀደሮ ናት። ልብ በሉ ግን፣ ይህ ሽልማት አስቀድሞ በእንግሊዝኛ የታተመ ታሪክ ነው የሚፈልገው። ታሪኩን የሚልከውም አሳታሚው ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያው በር አይደለም። መጀመሪያ አንድ መጽሔት ላይ መታተም ይቀድማል።

የሳይንስ ልቦለድና ምናባዊ ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ አሜሪካ የሚገኘውን ራይተርስ ኦፍ ዘ ፊውቸር ተመልከቱት። መመዝገቢያ ክፍያ የለውም፣ ከየትኛውም አገር መላክ ይቻላል። በየሦስት ወሩ ይወዳደራሉ፣ በየሩብ ዓመቱ ሦስት አሸናፊ ይመረጣል። የአሸናፊዎቹ ታሪኮች በየዓመቱ በመድበል ይወጣሉ። ከአሸናፊዎቹ ውጪ መጨረሻው ዙር የደረሰ ታሪክም አንዳንዴ ይጨመራል። የሚወዳደሩት ጀማሪዎች ናቸው፣ ብዙ ያሳተመ ሰው አይገባም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት።

ደንብ በየዓመቱ ሊቀየር ይችላል። ከመላካችሁ በፊት የዘንድሮውን ራሳችሁ አንብቡ። ከጓደኛ በወሬ የሰማችሁት አይበቃም፣ እኔ እዚህ የጻፍኩትም ጭምር።

የአማርኛ ውድድሮችንስ የት አገኛለሁ?

በብዛት የሚወጡት በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ላይም ይነገራል። የባህል ተቋማት፣ ማኅበራትና ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ አልፎ ያዘጋጃሉ። ስድስት ኪሎ ካምፓስ የምትማሩ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ሳታዩ አትለፉ። የጽሑፍ ምሽቶች ላይ መገኘትም ይጠቅማል፣ መድረክ መሪው መጨረሻ ላይ የሚያነበው ማስታወቂያ ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

ታሪኬን ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ለጥፌው ነበር። «ያልታተመ» ይባላል?

አይባልም። አብዛኞቹ ውድድሮች «ከዚህ በፊት በየትኛውም መንገድ ያልታተመ» ይላሉ። ማንም ገብቶ የሚያነበው ቻናል እንደ ኅትመት ይቆጠራል። 40 ተከታይ ብቻ ቢኖራችሁም ያው ነው። ማጥፋትም ብዙ አይረዳም፣ ሰው አስተላልፎት ይሆናል።

መድረክ ላይ ማንበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ለጥቂት ጓደኞች በኢሜይል መላክም እንዲሁ። ሬዲዮ ላይ የተነበበ ከሆነ አዘጋጆቹን ጠይቁ። እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ጥሩ የምለውን ታሪክ አስቀምጠዋለሁ። የምለጥፈው ሌላውን ነው። ላይክ ማግኘት ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ከተለጠፈ ተለጥፏል።

«ከ3,000 ቃላት ያልበለጠ» ይላል። አማርኛ ላይ ቃል የሚቆጠረው እንዴት ነው?

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በክፍት ቦታ ነው። ከዚህ የሚመጡ ሁለት ችግሮች አሉ። አንዳንዶቻችሁ አራት ነጥቡን ከቃሉ ራቅ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ያኔ አራት ነጥቡ ራሱ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። 300 ዓረፍተ ነገር ካላችሁ 300 ቃል ያለ ጥቅም ሄደ ማለት ነው። በሌላ በኩል በቃላት መሐል ሁለት ነጥብ እያደረጉ፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የሚጽፉ አሉ። ለኮምፒውተሩ አንድ ሙሉ መስመር አንድ ቃል ሊሆንበት ይችላል። አዘጋጆቹ በእጅ ሲቆጥሩት ከገደቡ አልፎ ይገኛል።

ወደ እንግሊዝኛ የምታስተረጉሙ ደግሞ ይህንን አስቡ። «አልነገርኳትም» አማርኛ ላይ አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው አምስት ቃል ይፈልጋል። የ3,000 ቃል የአማርኛ ታሪክ ሲተረጎም ከ3,000 በደንብ ያልፋል። ከመጀመሪያው አጠር አድርጋችሁ ጻፉ፣ ወይም ገደቡ ሰፋ ያለ ውድድር ፈልጉ።

ፋይሌን ሲከፍቱት ፊደሉ ተበላሽቶ ታየ አሉኝ። ምን ላድርግ?

በዩኒኮድ ጻፉ፣ ማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒውተርና ስልክ በሚያነበው የፊደል አሠራር ማለት ነው። የቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ አልነበሩም። እነሱ ባልተጫኑበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች አሁንም ይጠቀሙባቸዋል። ጽሑፋችሁን በእጅ ጽፋችሁ የምታስተይቡ ከሆነ ተያቢዋን በዩኒኮድ እንድትጽፍላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት። ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ፎንቶች ብትጠቀሙ ችግር የለም። ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። እዚያ ላይ ከተነበበ በአብዛኛው የትም ይነበባል። ደንቡ ከፈቀደ በፒዲኤፍ መላክ ይሻላል።

ሌላም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በምን መንገድ እንደምትጽፉ ወስኑና እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ። ገጸ ባሕሪዋ ገጽ 1 ላይ «ፀሐይ» ተብላ ገጽ 4 ላይ «ጸሀይ» ከሆነች አንባቢው ይደናቀፋል።

የመጨረሻው ቀን ላይ እንዴት አልሳሳትም?

ይህኛው እኔም ላይ ስለደረሰ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ እንግሊዝ አገር ላለ ውድድር የሦስት ወር ሥራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ደንቡ የመጨረሻውን ቀን ጠቅሶ 12 ሰዓት ይላል። እኔ በአእምሮዬ የማታ 12 አደረግሁት። እነሱ ያሉት የእኩለ ቀኑን 12 ነው፣ እኛ ቀን 6 ሰዓት የምንለውን። ወቅቱ ክረምታቸው ነበርና የለንደን እኩለ ቀን በእኛ ከሰዓት 9 ሰዓት ይሆናል። እኔ 11 ሰዓት ላይ ልልክ ስገባ ቅጹ ተዘግቷል። ያን ቀን ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ መያዝ አስጠልቶኝ ነበር።

ስለዚህ ሰዓቱን ወደ እኛ ቀይራችሁ በወረቀት ጻፉት። «11፡59 ፒኤም የለንደን ሰዓት» ከተባለ በእነሱ ክረምት የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነው። በእነሱ በጋ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ካሊፎርኒያ ላለ ውድድር ማርች 31 እኩለ ሌሊት ከሆነ በእኛ መጋቢት 23 ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ድረስ ጊዜ አላችሁ።

ቀኑም ያምታታል። ሰኔ 30 እና ጁን 30 አንድ ሳምንት ይለያያሉ። ጁን 30 የእኛ ሰኔ 23 ነው። የአገር ውስጥ አዘጋጅ «እስከ 30» ብሎ ከለጠፈ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሁለት ቀን አስቀድሞ መላክ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፣ ቤት ካልተመቻችሁ እዚያ ተቀምጣችሁ ጨርሱት።

መመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቁትስ?

ክፍያ መጠየቅ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የታወቁ ውድድሮችም ያስከፍላሉ። ለእኛ ግን ሁለት ችግር አለው። የብር ካርድ እዚያ አይሠራም። ደግሞ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ትንሽ የሚመስለው የፓውንድ ክፍያ በብር ብዙ ነው። እኔ ነጻዎቹን ነው የምመክረው። አንዳንድ የሚያስከፍሉ ውድድሮች አቅም ለሌላቸው የተወሰነ ነጻ ቦታ ይይዛሉ። ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። የአገር ውስጥ ውድድር በቴሌብር ክፈሉ ካለ ደግሞ ገንዘቡ በድርጅት ስም መግባቱን አረጋግጡ፣ በግለሰብ ስልክ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ስሜን የት ልጻፍ?

ደንቡ ያለ ስም ከሆነ የትም። ርእሱ ስር አይጻፍ፣ የገጹ ግርጌ ላይ አይጻፍ፣ የፋይሉ ስም ላይም አይጻፍ። በወረቀት የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን በብዕር ስም ያስገቡና እውነተኛ ስማችሁን በሌላ በታሸገ ፖስታ ይጠይቃሉ።

ዳኞች ምንድነው የሚፈልጉት?

አንድ የአገር ውስጥ ውድድር ላይ የመጀመሪያውን ዙር እንዳነብ ተጋብዤ ነበር። ከዚያ በኋላ አጻጻፌ ተቀየረ። 60 ታሪክ በአንድ ሳምንት ስታነቡ የሚደጋገመው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ብዙው ታሪክ የሚጀምረው ገጸ ባሕሪው ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው። ወይም ዝናብ ሲዘንብ። ዋናው ነገር ገጽ 3 ላይ ይመጣል። ያኔ አንባቢው ደክሞታል። የመጀመሪያውን ገጽ ቀድዳችሁ ብትጥሉት ታሪኩ ይጎድላል ወይ? ካልጎደለ ከዚያ ጀምሩ።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ግማሹ በሞት ያልቃል። ሌላው በምክር ያልቃል፣ ጸሐፊው ብቅ ብሎ ምን መማር እንዳለብን ይነግረናል። አጭር ልቦለድ ስብከት አይደለም። እናትየዋ በሩን ዘግታ ከገባች በሩ ላይ ተዉን። እኛ እናስባለን።

ሦስተኛው ቦታ ነው። «በከተማዋ እምብርት» ብሎ የሚጽፍ አለ። የቱ እምብርት? ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት? ብሔራዊ ቴአትር ጋ መጽሐፍ የሚዘረጋው ልጅ አጠገብ? አንዷ ተወዳዳሪ ፒያሳ ላይ የፈረሰውን የአያቷን ቤት ጽፋ ነበር። ስለ ፍርስራሹ አንድም የኀዘን ቃል የለበትም። አያትየው አዲሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆነው የድሮውን በር ቁልፍ ከመቀነታቸው ቋጥረው ይዞራሉ፣ በቃ። ከእኛ አንባቢዎች መካከል «ይህን አሳልፉት» ያላለ አልነበረም።

ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የመርካቶ ነጋዴ እንደ ዜና አንባቢ አያወራም። አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ ለአክስቷ «እትዬ» ትላለች ወይስ በስሟ ትጠራታለች? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ታሪኩን የሚያምኑት ግን በዚህ ነው።

በአማርኛ የጻፍኩትን አስተርጉሜ መላክ እችላለሁ?

ደንቡ ትርጉም የሚቀበል ከሆነ አዎ። የተርጓሚው ስም መጠቀስ አለበት። ካሸነፋችሁ ገንዘቡን እንዴት እንደምትካፈሉ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ወንድማችሁም ቢሆን። በማሽን ብቻ ተርጉማችሁ አትላኩ። ቀልዱ ይጠፋል፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» አንድ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ብዙ ውድድሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ጽሑፍ አይቀበሉም። ለውጭ አንባቢ ብላችሁም እንጀራ ምን እንደሆነ ታሪኩ ውስጥ አታስረዱ። እኛም ስለ እነሱ ምግብ ስናነብ ማንም አላስረዳንም፣ ገባን።

ብመረጥ ታሪኩ የማን ይሆናል?

የእናንተ። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሥራችሁ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ነው፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አሳትሞ ገቢ የማግኘት መብቱ፣ በሕይወታችሁ ዘመንና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ስምምነት ነው።

ችግሩ ያ ጽሑፍ አንዳንዴ የውድድሩ ደንብ ውስጥ መደበቁ ነው። «የገቡ ሥራዎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» የሚል መስመር ካያችሁ አትላኩ። «በሙሉ» የሚለው ያላሸነፉትንም ይጨምራል። ታሪካችሁ ይሸነፋል፣ ከዚያ በኋላም የእናንተ አይሆንም። አንድ ጓደኛዬ ይህ ደርሶባታል። ታሪኳን በራሷ መጽሐፍ ልታስገባ ስትል ደንቡን አውጥተው አሳዩዋት።

ጤነኛ ስምምነት ምን ይመስላል? አዘጋጁ ታሪኩን መጀመሪያ የማሳተም መብት ይወስዳል። መድበሉ ውስጥ ብቻ ይጠቀምበታል። ምናልባት ለአንድ ዓመት ሌላ ቦታ እንዳታወጡት ይጠይቃል። ከዚያ ወደ እናንተ ይመለሳል። ፊልም፣ የሬዲዮ ድራማና ትርጉም ለብቻ የሚነገሩ ናቸው። ደንቡ ስለነሱ «ሁሉንም» ካለ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ያስተካክሉታል። ያልገባችሁን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

«ተመርጠሃል፣ ለመታተም 50 ቅጂ ግዛ» አሉኝ።

ተዉት። የላኩት ሁሉ ከተመረጡና ሁሉም እንዲገዙ ከተጠየቁ ዳኝነት አልነበረም። የመድበሉ ገዢ እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ጥሩ አዘጋጅ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ በነጻ ይሰጣል። ተጨማሪ በቅናሽ መግዛት ብትፈልጉ የእናንተ ፈቃድ ነው።

አንዱን ታሪክ ለሁለት ውድድር ልላክ?

ደንቡ ከፈቀደ ብቻ። አንዱ ጋ ካለፈ ሌላውን ወዲያው አሳውቁ። ደብተር ይኑራችሁ፦ የታሪኩ ርእስ፣ የተላከበት ቀን፣ ለማን፣ መልሱ። መልስ ወራት ይወስዳል።

ስሜን በላቲን ፊደል እንዴት ልጻፍ?

አንድ አጻጻፍ ምረጡና በፓስፖርታችሁ ወይም በፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ አድርጉት። ሽልማቱ በባንክ ሲመጣ አንድ ፊደል ብትለያይ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። ሌላው፣ ፈረንጆቹ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። ስለዚህ መድበሉ ማውጫ ላይ በአባታችሁ ስም ትደረደራላችሁ፣ በኢሜይልም በአባታችሁ ስም ይጠሯችኋል። በራሳችሁ ስም እንዲጠሯችሁ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታረመውን ናሙና፣ ሲልኩላችሁ ደግሞ ከታሪኩ በፊት ስማችሁን አንብቡ። የእኔ አንድ መድበል ላይ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ወጥቷል፣ እስካሁን ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ቅጂዬ ከውጭ እንዴት ይደርሰኛል?

የቤት ቁጥር ሰጥታችሁ አትጠብቁ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስጡ። የራሳችሁ ከሌላችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የትምህርት ቤታችሁን ለመጠቀም ፈቃድ ጠይቁ። ስልክ ቁጥራችሁንም አድራሻው ላይ እንዲጽፉ ንገሯቸው። ጥቅሉ ሲመጣ ማስታወቂያ ይደርሳችኋል። ቸርችል ጎዳና ያለው ዋናው ፖስታ ቤት ከሆነ የምትወስዱት፣ መታወቂያ ያዙና ጠዋት ሂዱ።